«አጎትሽ እስኪመጣ ጠብቂ» ይሉኛል፤ ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?

ሆሳዕናን፣ አንጋጫንና ሀምበሪቾን ያለ አስጎብኚ ማየት ለምትፈልጉ

ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሞላም። ጸሐፊዋ የ25 ዓመት ወጣት ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ አዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ ነው። አባቷ ግን የአንጋጫ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ወጥተው፣ ሊስትሮ ሠርተው፣ ኋላም ትንሽ ሱቅ ከፍተው ልጆች አሳደጉ። አሁን እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ቤት ውለዋል። ልጅት የአባቷን አገር በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ከምባትኛም አትችልም። በጥር ታገባለች። ከሠርጉ በፊት ከእጮኛዋ ጋር ሄዳ አባቷ የተወለዱበትን ቀዬ አይታ፣ ፎቶ አንስታ፣ መጥታ ለአባቷ ማሳየት ትፈልጋለች። ቤተሰብ ደግሞ «አጎትሽ ከደቡብ አፍሪካ ሲመጣ ይዞሽ ይሄዳል፤ ብቻሽን አገሩን የት ታውቂውና ነው?» ይላታል። አጎትየው «ለመስቀል እመጣለሁ» ካለ ይኸው ሦስት መስቀል አለፈ! «አባቴ እየደከመ ነው። ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?» ብላ ትጠይቃለች።

እህቴ፣ እኔ ሂጂ ባይ ነኝ።

ለምን? አስጎብኚ የሚባል ሰው ሦስት ሥራ ነው ያለው። መንገድ ያሳያል፣ ቋንቋ ይሆናል፣ ከሰው ያገናኛል። መንገዱን የመናኸሪያ ረዳት ከአጎትሽ በተሻለ ያውቀዋል። ቋንቋውም ቢሆን ሆሳዕናና አንጋጫ ከተማ ውስጥ በአማርኛ ያልተግባባሁት ሰው የለም። ከባዱ ሦስተኛው ነው። እሱን ደግሞ አባትሽ ከተቀመጡበት ሳይነሱ በስልክ ሊጨርሱልሽ ይችላሉ።

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች እኮ ጉዳችን ብዙ ነው። የዱባይን ሕንፃ በስም እንጠራለን፤ ከዓለም ገና ወዲያ ያለው አገር ግን ጨረቃ ላይ ያለ ይመስለናል። «ማን ያሳየኛል?» እያልን ስንጠብቅ አባቶቻችን አርጅተው፣ የሚያሳየን ሰው ቀርቶ የምናየውን የሚነግረን ሰው እናጣለን።

ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። እዚያ ሳለች ጎረቤቷ ፊሊፒናዊት ነበረች፤ ሴቡ ከምትባለው ሞቃታማ ከተማ የመጣች። ሴቡ ውስጥ ሰው ከተማውን የሚያየው ጂፕኒ በሚሉት፣ ቀለሙ እንደ ሙሽራ መኪና በተንቆጠቆጠ ታክሲ እየተሳፈረና እየወረደ ነው አሉ። ማጄላን በ1521 እ.ኤ.አ. ያስተከለው ነው የሚባለውን መስቀል ያያል፣ ገበያ ይገባል፣ ርቦት ይበላል፣ ቤቱ ይገባል። አስጎብኚ የለ ምን የለ! ይህች ፊሊፒናዊት ቤይሩትም ውስጥ በእረፍት ቀኗ እንደዚያው ታደርግ ነበር። ምስጢሩ ደብተሯ ነው። ከመውጣቷ በፊት ሦስት ነገር ትጽፋለች፦ የግድ የማየው፣ ጊዜ ከተረፈኝ የማየው፣ ቢቀር የማይቆጨኝ።

እህቴ፣ ያንቺ ደብተር ላይ «የግድ» የሚለው ቦታ አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ፦ የአባትሽ ቀዬ። ሀምበሪቾ ጊዜ ከተረፈ ነው። ጥያና ዱራሜ ቢቀሩም ሌላ ጊዜ አለ። ሌላው አንባቢ እዚያ ዘመድ ከሌለው ተራራውን የግድ ላይ ይጻፈው። ዝርዝሩ የአንድ ሰው ከሌላው አይመሳሰልም፤ ከጓደኛችሁ አትቅዱ።

ካርታው ከአባትሽ እጅ ነው

ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት አንድ ምሽት አባትሽ አጠገብ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ተቀመጪ። «አባዬ፣ ከአንጋጫ ከተማ ወጥቼ ወደየት ነው የምታጠፈው?» በያቸው። ይሳሉልሽ። ወንዙ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ትልቁ ዛፍ፣ የጎረቤት ስም . . . ዛፉ ዛሬ ላይኖር ይችላል፣ ግድ የለም። የጎረቤቱ ስም ከልጅ ልጅ ይጠየቃል። እግረ መንገድሽንም «ምን አይቼ ልምጣልህ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። አንዳንድ አባት የእናቱን መቃብር ይላል፤ አንዳንዱ ውኃ ይቀዳበት የነበረውን ምንጭ። እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፤ እሳቸውም እስኪጠየቁ ድረስ አይናገሩም።

ከዚያ ስልክ ያስደውሉ። «ልጄ በዚህ ቀን ትመጣለች» የሚል አንድ ስልክ ከአሥር አስጎብኚ ይበልጣል።

መቼ ይኬዳል?

አራት የሳሪስ ልጆች በአንድ የመስቀል ሰሞን ያደረጉትን ልንገራችሁ። መስከረም 14 ቀን ትኬት ሳይቆርጡ መናኸሪያ ሄዱ። ሰው እንደ አሸዋ! ቀኑን ሙሉ ተጋፍተው፣ ከታሪፍ በላይ ከፍለው፣ ሆሳዕና የገቡት በሌሊት ነው። አልጋ የለም። ሁለቱ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ወንበር ላይ፣ ሁለቱ ሚኒባስ ውስጥ አደሩ። በማግስቱ በብር ተጣሉ፤ የሁሉም ገንዘብ አንዱ ኪስ ውስጥ ነበርና «አንተ ነህ የጨረስከው» ተባባሉ። በሁለት መኪና ተለያይተው ተመለሱ። ሁለቱ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ያን ሰሞን ለሀዲያው ያሆዴ፣ ለከምባታው ማሳላ ነው፤ የዘመን መለወጫ ማለት ነው። ከአዲስ አበባም፣ ከሐዋሳም፣ ከባሕር ማዶም ያለው ሁሉ ወደ እናቱ ቤት ይገባል። ድምቀቱን ማየት የሚፈልግ ትኬቱንም አልጋውንም ቀደም ብሎ ይያዝ። በሰላም ማየት የሚፈልግ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሂድ፤ ዝናቡ ይቆማል፣ የተራራው መንገድ አይንሸራተትም። ሌሊቱ ግን ይበርዳል! ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። «ደቡብ ሙቀት ነው» ብላችሁ ያለ ጃኬት የምትሄዱ ልጆች በኋላ ጋቢ ተበድራችሁ ስትቀመጡ አያምርባችሁም።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ክልሉ ሌሎች ከተሞችንም በማዕከልነት ይጠቀማል። ትልቅ ስብሰባ ያለ ቀን በአዘቦትም ቢሆን አልጋ ይጠፋል። አስቀድሞ ደውሎ ማስያዝ ነው። መታወቂያችሁን አትርሱ፤ ያለሱ አልጋ የሚሰጣችሁ የለም።

በጎዳናው ላይ

ከአዲስ አበባ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዓለም ገና፣ በቡታጅራ፣ በወራቤ አድርጎ ይገባል። ሁለት ዓይነት አሄድ አለ። አንደኛው ቀጥታ የሆሳዕና መኪና ይዞ እንቅልፍ መተኛት። ሁለተኛው እየቆረጡ መሄድ፤ ከከተማ ከተማ በሚኒባስ እየወረዱ እየተሳፈሩ። ሁለተኛው ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ጥያን ታያላችሁ።

ጥያ ከመንገዱ ሩቅ አይደለም፤ በእግር ይደረሳል። 36 ሐውልቶች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ ጎራዴ የተሣለባቸውን ስታዩ «ይህን ማን ቀረጸው?» ማለታችሁ አይቀርም። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገባቸው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ከጥያ በፊት ደግሞ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘባት መልካ ቁንጡሬ አለች፤ እሷም በ2024 እ.ኤ.አ. ተመዝግባለች። ሁለቱንም በአንድ ቀን አይቶ በጊዜ ሆሳዕና ለመግባት የሚያስብ ሰው ከመሸበት እኔን እንዳይወቅሰኝ። አንዱን ምረጡ። ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ አልጋችሁ ውስጥ ሻንጣ አስቀምጣችሁ መውጣት አለባችሁ። ሻንጣ ስል በጀርባ የሚታዘል ማለቴ ነው። ሚኒባስ ለሚቀያይር ሰው ትልቅ ሻንጣ ማለት ሁለተኛ ሰው ማለት ነው፤ ረዳቱም እንደ ሰው ያስከፍልላችኋል!

ሆሳዕናን በእግር አንድ ከሰዓት ይበቃታል። የጥንት ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ስሙን ይዞታል። ከሁሉ በፊት ግን የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል በር ላይ ቆም በሉ። መግባት አያስፈልግም፤ ታማሚ ባለበት ፎቶ አይነሳም። ስሙን ብቻ አንብቡት። እሌኒ የሀዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ነበረች። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት ሆነች፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በሕፃኑ በልብነ ድንግል ስም አገር መራች። ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ አድርጋ ፖርቱጋል ድረስ የላከችውም እሷ ናት። ከዚህች አገር ወጥታ! እኛ ለአንድ ሚኒባስ ጉዞ «አጎት ይምጣ» እንላለን።

ከዚያ ገበያውን ዞር ዞር በሉበት፣ ጎፈር ሜዳ ወርዳችሁ ቡና ጠጡ። የሀዲያ ሆሳዕና ክለብ በአቢዮ አርሳሞ ስታዲየም የሚጫወትበት ቀን ከገጠማችሁ ኳስ ባትወዱም ግቡ፤ ከኳሱ ይልቅ ደጋፊው ይታያል። ማታ አተካና እዘዙ፤ ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ የሀዲያ ምግብ ነው። አንዱን ለሁለት! ለየብቻ ያዘዘ ሰው ሲሄድ ሳይሆን ሲንከባለል ነው የማየው። እሑድ ከሆነ ጠዋት ሱቁ ሁሉ ዝግ ቢሆን አትደናገጡ፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአጥር ውጭ ቆሞ መዘምራኑን መስማት ራሱ ጉብኝት ነው።

አንጋጫና ተራራው

ከሆሳዕና መናኸሪያ የአንጋጫ መኪና ትይዛላችሁ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በእግር ተጀምራ በእግር ታልቃለች። ከከተማው ወጣ ስትሉ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት ቆሟል፤ ቤት ከእንሰት፣ እንሰት ከቤት ይተካከካል። ቀና ስትሉ ሀምበሪቾ አለ (አምበሪቾ የሚለውም አለ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው)።

ሀምበሪቾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሽማግሌዎች የከምባታ ሕዝብ መነሻ እዚህ ተራራ ላይ የሰፈሩ ሰባት ቤተሰቦች ናቸው ይላሉ። ዛሬ ወደ አናቱ የሚያወጣ ደረጃ ተሠርቶለታል፤ ቁጥሩ 777 ነው። የዱራሜው የእግር ኳስ ክለብም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ተራራ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ተራራው የአንድ ወረዳ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ወገን ይወጣል። ባጃጅ ወይም ሞተር ይዛችሁ «ሀምበሪቾ ውሰደኝ» ብትሉ ከጀርባው አውርዷችሁ ሊመለስ ይችላል፤ እሱም አልዋሸም። «ደረጃው ካለበት» በሉ፤ ዋጋውንም ደርሶ መልስ ተነጋገሩ። በጠዋት ውጡ፤ ጉም ከሸፈነው ደረጃ ቆጥራችሁ ብቻ ትመለሳላችሁ። ውኃ ያዙ፣ ስኒከር አድርጉ። ሴቶች፣ ለፎቶ የሚሆነውን ጫማ በቦርሳ ይዛችሁ አናቱ ላይ ቀይሩት፤ ማን ያውቃል? ስትወጡ ሳንባችሁ፣ ስትወርዱ ጉልበታችሁ ይናገራል። ተራራው በመድኃኒት ዕፅዋት የታወቀ ነው፤ እየቀጠፉ መሄድ ነውር ነው። ሕፃናት ሊከተሏችሁ ይችላሉ። የሚመራችሁ ከፈለጋችሁ ጎረምሳ ምረጡ፣ ዋጋ ቁረጡ፤ በትምህርት ሰዓት ልጅ ይዛችሁ አትዙሩ።

አንድ ክፍል ወይስ ሁለት?

ይህን ጥያቄ ልጅቷ በደብዳቤዋ ግርጌ በእርሳስ ጽፋዋለች። አፍራ መሆን አለበት። መልሴ ሁለት ክፍል ነው። እኔ ወግ አጥባቂ ሆኜ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ አንጋጫ ላይ ግን አንቺ «የእገሌ ልጅ» ነሽ። ሀሜት ከአንጋጫ መርካቶ ለመድረስ አንድ የስልክ ጥሪ ነው የሚበቃው፤ የሚያርፈውም እግራቸው ባልታዘዘላቸው አባትሽ ላይ ነው። ለሁለት ሌሊት ሁለት ቁልፍ ብትይዙ ምን ትጎዳላችሁ? እጮኛሽንም እንደደረስሽ «እጮኛዬ ነው፣ በጥር እንጋባለን» ብለሽ ራስሽ አስተዋውቂ። «ጓደኛዬ» ካልሽ ቀሪውን እነሱ ይጨምሩበታል።

ባዶ እጅ አይገባም። ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና፤ ለአያት ወይም ለአክስት ነጠላ። ገንዘብ መስጠት ካሰብሽ ስትወጪ ለታላቁ ሰው በእጁ፣ ሰው ሳያይ።

አሁን ዋናው ነገር። የከተማ ልጅ ዕቅድ አንጋጫ ላይ የሚበላሸው በመንገድ አይደለም፤ በግብዣ ነው። «ለምሳ ደርሼ በ8 ሰዓት ተራራ እወጣለሁ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። አክስት ቡና ያፈላሉ። ቡናው ሳያልቅ ጎረቤት ይመጣል። ከጎረቤቱ አንዱ አባትሽ ጋር ከብት የጠበቀ ሆኖ ይገኛል፤ የሱ ቤት ሳትገቢ ማለፍ ቅያሜ ነው። እዚያ ደግሞ ቆጮ ቀርቧል። ፀሐይ ጠልቃለች! ስለዚህ ለቀዬው አንድ ሙሉ ቀን ስጪው፤ በዚያ ቀን ደብተርሽ ላይ ሌላ ምንም አትጻፊ። ተራራው በማግስቱ። አንድ ቀን ብቻ ካለሽ ተራራውን ተዪው፤ እሱ የትም አይሄድም። አባትሽ ጋር ከብት የጠበቁት ሰውዬ ግን እንደ አባትሽ ሁሉ እያረጁ ነው። ስልክሽን አውጥተሽ ለአባትሽ ሰላምታ እንዲልኩ ቅረጫቸው፤ በከምባትኛ ይናገሩ፣ ባትሰሚውም ግድ የለም፣ የሚሰማው ሌላ ነው። ፈቃድ ሳትጠይቂ ግን ማንንም አትቅረጪ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከሆሳዕናም ከከምባታም ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። በመንገዱ ላይ የሚያምር የብሎኬት ቤት ስታዩ «የደቡብ አፍሪካ ነው» ይሏችኋል። የደረሱ አሉ፤ መንገድ ላይ የቀሩም አሉ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ማላዊ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ አስከሬኖች በጅምላ ተቀብረው መገኘታቸው ሲሰማ ልጁ የጠፋበት ቤት ሁሉ ልቡ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ የግድግዳ ፎቶ እያሳያችሁ «ይሄ ልጅ የት ነው ያለው?» ብላችሁ በደስታ አትጠይቁ። እነሱ ካነሱት አድምጡ። አንቺም «አጎትሽ መቼ ይመጣል?» ብለው ሲጠይቁሽ ለማስደሰት ብለሽ ቀን አትቁረጪላቸው።

ብርና መልስ

ስለ ብር ብዙ አልልም። በቡድን ከሆናችሁ እኩል አዋጡ፤ ያዡ አንድ፣ መዝጋቢው ሌላ ሰው ይሁን። የሳሪስ ልጆች ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ዛሬም አብረው ቡና ይጠጡ ነበር። ቴሌብር ጥሩ ነው፤ ኔትወርክ የጠፋ ቀን ግን ባጃጁ ጥሬ ብር ነው የሚለው። የመመለሻችሁን ሂሳብ ለብቻ ሸሽጉ፤ ካልሲ ውስጥም ቢሆን።

ጊዜ የተረፈው በመጣበት ከሚመለስ በዱራሜ ይውጣ። የቦጋለች ገብሬ አገር ነው። ይህች ሴት ከእህቷ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ከምባቲ ሜንቲ ገዚማን አቋቁማ የሴት ልጅ ግርዛትን የታገለች ናት። ሥራዋን ስትጀምር ግን ሕዝቡ የጠየቃት ድልድይ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ገበያ የሚሻገርበት። መጀመሪያ ድልድዩ ተሠራ፤ ወሬው ከዚያ በኋላ መጣ። በ2012 ዓ.ም. አርፋለች። ከዱራሜ ወደ ሀላባ ቁሊቶ ስትወርዱ ግድግዳቸው በሥዕል ያጌጠ ጎጆዎችና ረጅም ቆብ የደፉ የሀላባ ሰዎች ታያላችሁ። እናትህን የምትወድ ከሆነ በርበሬ ሳትገዛ ከሀላባ አትውጣ። ከዚያ በሻሸመኔ በኩል አዲስ አበባ ይገባል። በየትኛውም መንገድ ብትመለሱ የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ጠዋት መናኸሪያ ላይ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ በጊዜ ውጡ፣ በሌሊት አትጓዙ።

ስትወጡ በጀርባ የምትታዘል ሻንጣ ብያለሁ፤ አንድ ባዶ ፌስታልም ጠቅልላችሁ ጣሉበት። ከአንጋጫ ስትነሱ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ሳይሰጧችሁ አይለቋችሁም። «አይ፣ ይቅር» ማለት አይቻልም። ሽታው ያስቸግራል ብላችሁ አትጨነቁ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የያዘው እሱኑ ነው።